የአውራ ጣት ፊርማ

ባለፈው ዓመት ከሚደግፉን ድርጅቶች አንዱ የላካቸው ሰው የአባላት መዝገባችንን ገልጠው ሲያዩ፣ ከፊርማዎቹ ብዙዎቹ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራዎች መሆናቸውን ተመለከቱና ትንሽ ቅር አላቸው። «ይህ ለኦዲት አያስቸግርም?» አሉን። በትሕትና ነው የጠየቁት፤ አልተቀየምናቸውም። ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ ግን ጀበናውን ማቶቱ ላይ እያስቀመጡ፣ «ልጄ፣ ስም ይመሳሰላል፤ ጣት ግን አይመሳሰልም» አሏቸው። ሰውየውም ስቀው ቡናቸውን ጠጡ።

በዚያ ሰሞን የንባብ ቡድናችን ስለ ስደት ታሪክ ያነብ ነበር። ይህን ርእስ የመረጥነው ዝም ብለን አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን። ሳምንት ሳይሞላ ያ የአውራ ጣት ነገር ስናነበው ከነበረው አንድ የፍርድ ቤት ሰነድ ጋር ገጠመልን።

ሰነዱ የሚያወራው ስለ አንድ ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ለእኛ የድል በዓል ነው፤ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አድርገው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ይሰበሰባሉ፤ የጣሊያን አምስት ዓመት ያበቃበትን ቀን እናስባለን። በ2001 ዓ.ም. በዓሉ ተከብሮ ባደረ በማግስቱ፣ ሚያዝያ 28 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2009)፣ ከሊቢያ በሦስት ጀልባ የተነሡ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ከጣሊያኗ የላምፔዱሳ ደሴት በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ ነበሩ። የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስና የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ደረሱባቸው። ሰዎቹን ከጀልባዎቹ አውጥተው ወደ ጣሊያን ወታደራዊ መርከቦች አዛወሯቸው። በዚያች ሰዓት ብዙዎቹ «ተመስገን፣ ዳንን» ሳይሉ የቀሩ አይመስለንም።

ወዴት እንደሚወሰዱ የነገራቸው አልነበረም። ስማችሁ ማነው፣ ከምን ሸሽታችሁ መጣችሁ ብሎ የጠየቃቸውም አልነበረም። የያዙት ዕቃና የማንነት ሰነዳቸው ጭምር እንደተወሰደባቸው ኋላ ለፍርድ ቤቱ አስረድተዋል። አሥር ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ መርከቦቹ ትሪፖሊ ወደብ ደረሱ። ሰዎቹ «ለሊቢያ ባለሥልጣናት አሳልፋችሁ አትስጡን» ብለው ተቃወሙ። በግድ እንዲወርዱ ተደረጉ።

በአማርኛችን «መለሰ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ ለጠየቀ መልስ መስጠትም ነው፣ የመጣን ወደ መጣበት ማዞርም ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛውን ያገኙት የመጀመሪያው ሳይሰጣቸው ነው።

በማግስቱ የጣሊያን የአገር ውስጥ ሚኒስትር መግለጫ ሰጡ። ሰዎቹ የተመለሱት ከሊቢያ ጋር በተደረገና በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሥራ ላይ በዋለ ስምምነት መሠረት መሆኑን ተናገሩ፤ ሕገ ወጥ ፍልሰትን በመዋጋት ረገድም ትልቅ መታጠፊያ ነው አሉ። ሜይ 25 ቀን ደግሞ ለአገራቸው ሴኔት ቀርበው ከሜይ 6 እስከ 10 ባሉት ቀናት ብቻ ከ471 በላይ ሰዎች በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ተይዘው ወደ ሊቢያ መወሰዳቸውን አስታወቁ። ቁጥሩን የተናገሩት እንደ ስኬት እንጂ እንደ ጥፋት አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ያን ስምምነት ያስገኘውን ታሪክ እንይ፤ ነገሩ ከእኛ ቤት ብዙም የራቀ አይደለምና።

ነሐሴ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2008) የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤርሉስኮኒ ቤንጋዚ ላይ ከጋዳፊ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ጣሊያን በቅኝ ግዛት ዘመን ሊቢያ ላይ ለፈጸመችው በደል ይቅርታ ጠየቀች፤ በ20 ዓመት ውስጥ አምስት ቢሊዮን ዶላር ልታወጣ ቃል ገባች። ከሊቢያ ተወስዶ የነበረ አንድ ጥንታዊ የእብነ በረድ ሐውልትም በዚያው ዕለት ተመለሰ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግራዚያኒ ማን እንደሆነ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም ከማጠቡ በፊት የሊቢያን ምሥራቅ ሕዝብ በማጎሪያ ካምፕ የፈጀው እሱ ነው። ሊቢያውያን ይቅርታ ሊጠየቁ፣ ካሳም ሊከፈላቸው ይገባ ነበር። ግን በዚያው ውል ውስጥ ስደተኞችን በጋራ ስለ ማገድ የሚናገር ክፍል ነበረበት። ጣሊያን ለበደሏ ካሳ ስትከፍል በምትኩ የምትፈልገውም ነገር ነበራት።

ውሉ በተፈረመ በአምስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 29፣ የአክሱም ሐውልታችን በቦታው ቆሞ ተመረቀ። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰልን ሐውልት ነው። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን እልል ያልን ዛሬም ማኅበሩ ውስጥ አለን። በዚያች ሳምንት ድንጋዮች በክብር ወደ አገራቸው እየገቡ እንደነበር ስናነብ ደስታችን ትንሽ ደበዘዘ። ምክንያቱም በስምንተኛው ወር መርከብ ላይ ጭነው የመለሷቸው እነማን ነበሩ? ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት 24 ሰዎች ናቸው፤ 11ዱ የሶማሊያ፣ 13ቱ የኤርትራ ዜጎች። ሶማሊያም ኤርትራም የጣሊያን ቅኝ የነበሩ አገሮች ናቸው። የተጣሉባት ሊቢያም እንዲሁ። ጣሊያን በቅኝ ግዛቱ ዘመን የኤርትራ አስካሪዎችን በመርከብ ወስዳ ሊቢያ ውስጥ አዋግታለች። የአንዱ ቅኝ አገር ካሳ ሲታሰብ የሌሎቹ ሁለት ቅኝ አገሮች የልጅ ልጆች የሂሳቡ ማወራረጃ ሆኑ።

ሊቢያ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው አይታወቅም ነበር የሚል ካለ እውነት አይናገርም። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነው ዳግማዊ ይመር እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው መንገድ ላምፔዱሳ ደርሶ፣ ሮም ውስጥ ከጣሊያናውያን የፊልም ሰዎች ጋር ሆኖ በ2008 አንድ ዘጋቢ ፊልም አውጥቷል። በፊልሙ ሮም ያሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአማርኛ፣ በራሳቸው አንደበት የደረሰባቸውን ይናገራሉ፤ ፖሊስ እንዴት እንደያዛቸው፣ ኮንቴይነር ውስጥ ታጭቀው በረሃውን አቋርጠው ወደ ኩፍራ እንዴት እንደተወሰዱ፣ እዚያም ለደላላ እንዴት እንደተሸጡ። ፊልሙ የወጣው መርከቦቹ ሰዎቹን ከመመለሳቸው በፊት ነው። የዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ሪፖርቶችም እንዲሁ ቀድመው ወጥተው ነበር። ማወቅ የፈለገ ሁሉ ማወቅ ይችል ነበር።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ እንመለስ።

ሰዎቹ ትሪፖሊ በተጣሉ በሃያኛው ቀን፣ ሜይ 26 ቀን 2009፣ ሁለት የሮም ጠበቆች በ24ቱ ስም በስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገቡ። ከሳሾቹ ሊቢያ ውስጥ፣ ጠበቆቹ ጣሊያን ናቸው፤ ባሕር በመካከል አለ። ስለዚህ የውክልና ወረቀት ያስፈልጋል። የጣሊያን መንግሥት ለፍርድ ቤቱ ካቀረባቸው የመጀመሪያ መቃወሚያዎች አንዱ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነበር። በአብዛኞቹ ላይ ቀንና ቦታ አልተጻፈም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን የጻፈው አንድ ሰው ይመስላል፤ የከሳሾቹ ማንነት የተገለጸው በስም፣ በዜግነት፣ በማይነበብ ፊርማና ብዙ ጊዜ ጎደሎ በሆነ፣ በማይለይ የጣት አሻራ ብቻ ነው፤ የትውልድ ቀንም የለም፤ ስለዚህ ውክልናው አይጸናም የሚል።

ይህን ስናነብ በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዷ፣ «ወረቀታቸውን ማን ወሰደውና ነው!» አለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መርከቡ ላይ ስማቸውን ያልጠየቃቸው መንግሥት፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማንነታቸው በቅጡ አልተጻፈም ብሎ ተከራከረ። እኛ ሴቶች ይህን ዓይነቱን ክርክር እናውቀዋለን። መታወቂያ ለማውጣት የመታወቂያ ማስረጃ አምጪ ተብላ ከቢሮ ቢሮ ያልተንከራተተች ከእኛ መካከል ስንቷ ናት?

ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን አልተቀበለም። ከሳሾቹ ስማቸውን ሰጥተዋል፣ ፈርመዋል፣ አሻራቸውን አኑረዋል፣ ጠበቆቻቸውም ስለ እያንዳንዳቸው ዝርዝር መረጃ ማቅረብ ችለዋል፤ ይበቃል አለ። የሰነዱን ሌላ ክፍል ብንረሳ ይህቺን ገጽ አንረሳትም።

መንግሥቱ ሌላም ክርክር ነበረው። የተፈጸመው የድንበር ቁጥጥር ሳይሆን ባሕር ላይ ሕይወት ማዳን ነው አለ፤ ደግሞም ሰዎቹ መርከብ ላይ ሳሉ ጥገኝነት አልጠየቁም አለ። መርከቦቹ ላይ ግን ቋንቋቸውን የሚያስተረጉም ሰው አልነበረም፤ የሕግ አማካሪም አልነበረም፤ መርከበኞቹም ሰውን ስለ ስደቱ ለመጠየቅ የሠለጠኑ አልነበሩም። ታዲያ ማን ሰምቶ ነው አልጠየቁም የሚለው?

ፍርዱ የተሰጠው የካቲት 15 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012) ነው። ለእኛ የየካቲት 12 ሰማዕታት 75ኛ ዓመት በታሰበ በሦስተኛው ቀን። የስትራስቡርግ ዳኞች ይህን አስበውት አይደለም፤ እኛ ግን በራሳችን ቀን መቁጠሪያ ስናሰላው ዐይናችንን ማመን አቃተን። ታላቁ ችሎት ባንድ ድምፅ ፈረደ። የጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ በሚውለበለብበት መርከብ ላይ ያለ ሰው በጣሊያን ሥልጣን ሥር ነው፤ ባሕሩ የማንም አይደለም ብሎ ከሕግ ማምለጥ አይቻልም። ሰዎቹን ለእንግልት ወደሚዳረጉበት አገር ማስረከብ ክልክል ነው። ከዚያም አልፎ ወደ ሶማሊያና ወደ ኤርትራ ሊመለሱ ለሚችሉበት አደጋ አጋልጧቸዋል። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ሳይታይ በጅምላ ማባረርም የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ደግሞ በየብስ ድንበር ላይ ብቻ ሳይሆን በዓለም አቀፍ ባሕርም ይሠራል። ለእያንዳንዱ ከሳሽ 15,000 ዩሮ እንዲከፈል ተወሰነ።

ገንዘቡን ሁሉም አልደረሱበትም። ከ24ቱ ሁለቱ ከዚያ ድርጊት በኋላ በምን ሁኔታ እንደሆነ ሳይታወቅ ሞተዋል። አሥራ አራቱን ትሪፖሊ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ቢሮ በዚያው በ2009 ስደተኛ ናችሁ ብሎ ተቀብሏቸው ነበር፤ ማለትም መርከቡ ላይ አንድ ሰው ቢጠይቃቸው ኖሮ መልሱ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። የሊቢያ ጦርነት በ2011 ሲነሣ ተበታተኑ፤ ጠበቆቹ ማግኘት የቻሉት ስድስቱን ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንደገና ባሕሩን አቋርጦ ጣሊያን ገብቶ፣ የመለሰችው አገር ራሷ በዚያው ዓመት የስደተኝነት ወረቀት ሰጠችው።

በውይይታችን ላይ አንዲት ወጣት አባል «ቀድሞ ሕግ አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የስደተኞች ውል በ33ኛው አንቀጹ ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ድንበር መመለስን ይከለክላል። ግን ውሉን ማጥበብ የሚሹ መንግሥታት አንድ ቀዳዳ አገኙ፤ ገና ያልገባ ሰው እንዴት ተመለሰ ይባላል፣ ከበር ላይ ነው እኮ ያቆምነው የሚል። ያን ቀዳዳ የደፈነ ሰነድ አለ፤ የተፈረመውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ውል ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ እናቶቻችን ቄጤማ ሲገዙ በዋሉበት ቀን ማለት ነው። ውሉ ማስወጣትንና መመለስን ብቻ ሳይሆን ድንበር ላይ ገፍቶ ማስቀረትንም በስሙ ጠርቶ ከለከለ። ሊቢያ የጄኔቫውን ውል አልተቀበለችም፤ የአዲስ አበባውን ግን ተቀብላለች። ይህን ውል ትምህርት ቤት ያስተማረን የለም፤ ከመካከላችን ቀድማ የምታውቀው አንዲትም አልነበረችም።

እንግዲህ ይህን ብለን በሌላው ብቻ ብንፈርድ ደግ አይሆንም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ሌሊት በፖሊስ ተወስደው በአውቶቡስ ወደ ድንበር ሲጫኑ አይተናል። በአስር ሺዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያንም ከዚያ ማዶ እንዲሁ ተባረው መጥተዋል። ከአባሎቻችን አንዷ የጎረቤቷን የቤት ቁልፍ ተቀብላ አስቀምጣ ነበር፤ «ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ» ብለዋት። ሌላዋ ደግሞ፣ ይህንንም እንጽፈው ብላናለች፣ በመስኮት አይታ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው። ያኔ ኤርትራዊ ልጅ የነበረ ሰው በ2001 ዓ.ም. ጀልባ ለመሳፈር ዕድሜው ይደርሳል።

ከስትራስቡርጉ ፍርድ በኋላ የጣሊያን መርከቦች ሰውን ይዘው ትሪፖሊ ማውረዱን ተዉት። ነገር ግን ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ጣሊያንና ሊቢያ ሌላ የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ጣሊያን ጀልባ ትሰጣለች፣ ታሠለጥናለች፤ ባሕር ላይ ይዘው የሚመልሱት የሊቢያ ጠባቂዎች ራሳቸው ናቸው። የተመለሱት በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። መርከቡ ላይ ያለው ሰንደቅ ተለውጧል፤ ስለዚህ ፍርዱ በቀጥታ አይነካውም ይባላል። ጠበቆች አሁንም እየተከራከሩበት ነው። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ግን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያስመታውን እኔ አልመታሁም ቢል በእድራችን ሽማግሌዎች ፊት እንኳ አያዋጣውም።

ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥን ወደ ኋላ እንናገራለን ብለን ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን በአሸባሪዎች ሲታረዱ መላው አገር ድንኳን ጥሎ አለቀሰ። ያን ልቅሶ አብራን ያለቀሰች አንዲት አባላችን በዓመቱ የገዛ ልጇ በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። ከሱዳን ደወለች፣ ከሊቢያም ደወለች። አንድ ቀን «እማዬ፣ ዛሬ ማታ ነው» አለቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በማታውቀው ቁጥር ደውላ፣ «ባሕር ላይ ይዘው መለሱን፤ በዱላ ነው ያወረዱን» አለች፤ ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀብሎ ገንዘብ ጠየቀ። ማኅበሩ ካለው አዋጣ፣ እቁቡም ለእሷ እንዲወጣ ተደረገ። ገንዘቡ ተላከ። ከዚያ ወዲያ ስልክ አልተደወለም።

እናትየው ልጇን ለማፈላለግ በሄደችበት ቢሮ ሁሉ የሚጠይቋት ወረቀት ነበር። የልጅቷ የልደት ማስረጃ የለም፤ መታወቂያዋ ከእሷ ጋር ሄዷል። መቼ፣ ከየት፣ በማን እጅ ተመለሰች ሲሏትም የምታሳየው የላትም፤ ባሕር ላይ የተያዘን ሰው ስም የመዘገበ የለማ። ዳግማዊ ይመር በ2013 እ.ኤ.አ. ላምፔዱሳ አጠገብ ስላለቁት ከ360 በላይ ሰዎች ሌላ አጭር ፊልም ሠርቷል፤ በፊልሙ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ርእሱ «አስማት» ነው፤ በግእዙ ስሞች ማለት ነው። ያን ፊልም በአንዲት አባላችን ልጅ ላፕቶፕ አብረን ስናይ እናትየው እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አዳመጠች። የልጇ ስም እዚያ እንደማይኖር ታውቃለች፤ ዘመኑም አይገጥምም። ቢሆንም አዳመጠች።

በዚያው ሰሞን በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተን በአባላት መዝገባችን የኋላ ገጾች ላይ ሌላ ዝርዝር ከፈትን። የሄደው ልጅ ስም ከነአያቱ፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ መጨረሻ የደወለበት ቀንና ቁጥር፣ ያለው ምልክት፤ ከጎኑ የእናት ወይም የእህት ፊርማ። ጥያቄ ላነሡት እንግዳችንም ይህንኑ ገጽ አሳይተናቸዋል፤ ቅጂውን ይዘው ሄደዋል።

የመጀመሪያው መስመር የእሷ ልጅ ነው። ጎኑ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ከሌሎቹ ፈዘዝ ብሏል፤ ያን ቀን እንጀራ ስትጋግር ጠርተናት እጇን ሳታደርቅ ነበር የመጣችው።